ሱሉልታ ላይ የቆመችው ጀልባ

«ተቃጥሏል አልኩህ! የቻይና መብራት ሲቃጠል ማስታወቂያ ያወጣል እንዴ?»

«ሁለቱም ባንዴ ጋሽ ማስረሻ? ትናንት ጠዋት እኮ ቦግ ብለው ይበሩ ነበር።»

«እንግዲያው አንተ ነሃ የነካካኸው! ግጥም ስትሞነጫጭር ሽቦ በጥሰህ ይሆናል።»

ይህን የምንባባለው ሱሉልታ፣ አስፋልት ዳር፣ ጀልባ ከጫነው ተሳቢያችን ኋላ ተንበርክከን ነው። ከተማዋን ወደ ገበሬው እርሻ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት፣ መኪና የሚቃጠልበት ጊዜ ነበር። ዓመታት አለፉ። እኔ ግን የኋላ መብራቱ የጠፋ መኪና ባየሁ ቁጥር አንድ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል።

ጀልባዋን ሰበታ ካለው ወርክሾፓችን ጣና ላሉ ዓሣ አስጋሪዎች እያደረስን ነበር። ጋሽ ማስረሻ ሾፌሩ ነው። ፒክአፗ የራሱ ናት፤ የአራት ልጆቹ እንጀራ እሷ ናት። እኔ ቀለም ቀቢና ረዳት ነኝ። ከሱሉልታ መውጫ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ የተሳቢው መብራት እንደማይሠራ አይቶ «በዚህ ጊዜ እንዲህ ሆናችሁማ አታልፉም» ብሎ መለሰን። ወደ ሰበታ እንዳንመለስ ቡራዩ ላይ ድንጋይ መደርደሩን በስልክ ሰማን። በስድስት ሰዓት ሱሉልታም ትዘጋለች ተባለ። መኪናዋ እስከዚያ አስፋልት ላይ ከቆየች መትረፏን እንጃ። ጠዋት ጎማው የቀለጠ አይሱዙ አይተናል፤ ከዚያ ወዲህ ጋሽ ማስረሻ ሲጋራውን በማጣሪያው በኩል ነበር የሚለኩሰው።

ፊት ለፊት ካለ ወፍጮ ቤት ዱቄት የለበሱ ሽማግሌ ወጡ። ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩና፣

«ማስተር ፕላኑ ባሕርም አለው እንዴ?» አሉ።

ጋሽ ማስረሻ ደነገጠ። «ኧረ ኦቦ፣ እኛ የለንበትም! የዓሣ አስጋሪዎች ናት።»

«ኮቱ፣ ኑ ግቡ» አሉ እየሳቁ። «መንገድ ላይ ቆማችሁ አትጨቃጨቁ።»

ጀልባዋን በመከራ ግቢያቸው አስገባናት። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ከወፍጮው ጀርባ፣ እርሻቸው መሐል፣ የቀያሾች ችካል ተተክሎ አየሁ። ማየቴን አዩ።

ጋሽ ማስረሻ ሌላ መብራት ፍለጋ ሊወጣ ሲል «ቆይ» አሉት። «ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ሞተር ስፈታ ስገጥም ነው የኖርኩት። እስቲ ፍሬን ርገጥ።»

ረገጠ። መብራቶቹ ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ደብዘዝ ብለው ታዩ።

«የቀኝ ፍሬቻ።»

የግራውም አብሮ ፈዘዝ እያለ ብልጭ ድርግም አለ።

«አልተቃጠለም። የተቃጠለ እንዲህ አይጫወትም።» ረጅም ሽቦ አምጥተው አንዱን ጫፍ ከመኪናዋ ባትሪ ኔጋቲቭ አሰሩ፣ ሌላውን የመብራቱን ብሎን አስነኩት። ፊታቸው ላይ ቀይ ብርሃን ቦግ አለ። «መሄጃ አለው፤ መመለሻ ነው ያጣው። እዚህ ጋ የመብራቱ ብረት የተሳቢውን ብረት አልነካም።»

ትናንት ከሰዓት መብራቶቹን ፈትቼ፣ የተሳቢውን የኋላ ብረት ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ቀብቼ፣ ከነቀለሙ መልሼ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሁለት ስንኝ ልጽፍበት ብዬ ነው፦

ለውሃ ተሠርቼ በአቧራ ተጉዤ፣
ሐይቄን ልፈልግ ነው አስፋልቱን ይዤ።

የፊደሎቹን ማማር ዞሬ ዞሬ አየሁ እንጂ መብራቱን አልሞከርኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ማስረሻ ካቻቪቴውን እንደያዘ ዞረብኝ። «ለሁለት መስመር መኪናዬን ልታስበላኝ ነበር! ቆይ ምን አድርጌህ ነው?»

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው ስንኞቹን ቀስ እያሉ አነበቡ። «ግጥሙስ ደህና ነው። ቀለሙ በዛ እንጂ» አሉና ቢላዋ ሰጡኝ።

ከየብሎኑ ሥር ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቅሁ። መልሰን ስናስረው ሁሉም በየተራው በራ። ጋሽ ማስረሻ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠ «አሁንስ? አሁንስ?» ይለኝ ነበር።

ይሄኔ የቆርቆሮው በር ተደበደበ። የብዙ ወጣቶች ድምፅ ነው። ኦሮምኛዬ ጥቂት ቢሆንም ጀልባዋ የማን እንደሆነች መጠየቃቸው ገባኝ።

ያን ቀን በሰላም አለፍን፤ ጀልባዋም ጣና ገባች። ጋሽ ማስረሻ ዛሬም ያችኑ ፒክአፕ ይነዳል። እኔ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ስኳር ይዤ ኦቦ ገመቹን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ምስጋናዬ ግን አላለቀልኝም። ብልሽቱን ስላገኙልን ብቻ አይደለም። የእርሻቸው ነገር ሲያንገበግባቸው፣ ለማያውቁት ሰው መኪና ብለው በዚያች ሰዓት ያደረጉትን አልረሳውም።

«እኔ ሳልጠራችሁ እንዳትወጡ» አሉን ያኔ፣ በሩ እየተደበደበ ሳለ። «ኢጆሌዎቹ የራሳችን ልጆች ናቸው። ይሰሙኛል።»

ጋሽ ማስረሻ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን መታ አድርገው አለፉት። ከነዱቄታቸው ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።