በተመስገን የተሞላው ፎርም

ጉለይል ሰፈር ጠጄን የሚያውቃት ሁሉ «ድምፅዋ ከዓባያዋ አይወጣም» ይላል። እውነት ነው። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ስትኖር፣ ሹፌሩን «አቁምልኝ» ማለት አፍራ ቤቷን አልፋ ሄዳ በእግሯ የተመለሰችበት ቀን ቁጥር የለውም። ሰው ቤት እየዞረች ታጸዳለች። ማዳሟ «በልተሻል?» ስትላት፣ ሆዷ እየጮኸም ቢሆን «በልቻለሁ፣ ተመስገን» ነው መልሷ። ያደገችበት ጎጃም፣ እንግዳ ሦስት ጊዜ ሳይለመን እጁን ወደ መሶብ አይሰድም። ማዳም ደግሞ የምትጠይቀው አንዴ ነው። በልቻለሁ ካሉ በልተዋል፣ ኸላስ፣ አበቃ።

እንግዲህ የልጇን ምሳ ልትጠይቅ የተነሣችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ባሏ ጥላሁን የአንድ አሮጌ ሕንፃ ዘበኛ ነበር። ሕንፃው ሲፈርስ ሥራውም አብሮ ፈረሰ። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ጎረቤቶቻቸው «ያላ፣ ኩዳይ መናኸሪያ ሥራ ሞልቷል!» እየተባባሉ የሐጃጆቹን አውቶቡስ ለማጠብ፣ ሆቴሉን ለማጽዳት ወደ መካ ይወጣሉ። መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው አይገባምና ጥላሁን ሻንጣቸውን እስከ አስፋልቱ ተሸክሞላቸው ይመለሳል። የቀን ሥራ ሲገኝ ይሠራል፤ ሳይገኝ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል።

ልጃቸው ሕሊና የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ባቋቋመው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ናት። የምሳ ሣጥኗ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሳሙሊ ዳቦ አለ። እሱም የማይኖርበት ቀን አለ። ያን ቀን ሕሊና ሣጥኑን ባዶውን ትይዛለች፤ ባዶ እጇን መሄድ ታፍራለች። የእናቷ ልጅ ናት።

በፋሲካ ሦስተኛው ሳምንት፣ የጅዳ ትምህርት ሳምንቱን በሚጀምርበት እሑድ ከሰዓት፣ ሕሊና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «እማ፣ አቅም ላነሳቸው ልጆች ትምህርት ቤቱ በነፃ ምሳ ሊያበላ ነው አሉ። እስከ ሐሙስ ሞልታችሁ አምጡ ብለዋል።»

ጠጄ ወረቀቱን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ለጥላሁን አላሳየችውም፤ ያለ ሥራ መዋሉ የሰበረውን ሰው ይኸኛው ጨርሶ ይጥለዋል ብላ ፈራች። ጎረቤት እንዳታስሞላ፣ ገመናዋን ጮክ ብሎ የሚያነብላትን ሰው ፊት በምን ዓይኗ ታያለች? ፊደል የቆጠረችው ሕሊና አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ከልጇ ጋራ አብራ ነው። እየለቀመች ታነባለች። ስትጽፍ ግን ልብስ እንደምትሰፋ ሰው ነው፣ ትንፋሽዋን ይዛ።

ማክሰኞ ማዳሟ ስትወጣ ወጥ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሞላችው።

«ልጅዎ ቁርስ በልታ ትመጣለች?» ይላል። ተመስገን፣ ብላ ጻፈች።

«ምሳ ይዛ ትመጣለች?» ተመስገን።

«የቤተሰቡ ገቢ ለምግብ ይበቃል?» እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። አይበቃም ማለት ባሏን ማማት መሰላት፤ ደግሞም እስከ ዛሬ ያኖራቸውን አምላክ ማማረር መሰላት። ተመስገን።

«ቤተሰቡን የሚረዳ ሌላ ሰው አለ?» እግዚአብሔር አለ።

ላብዋን ጠርጋ ወረቀቱን አየችው። ሕይወቷን ሙሉ ይህን ያህል ጽፋ አታውቅም። ደስ አላት። በማግሥቱ በሕሊና እጅ ላከችው።

ሐሙስ ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ቤቱን የምሳ ነገር የያዙት ወይዘሮ ሳሚያ ናቸው። «እሑድ ጠዋት ቢሮ ብቅ ይበሉ» ብለው ዘጉ። ጠጄ ሁለቱን የዕረፍት ቀን፣ አርብና ቅዳሜን፣ ስትብሰለሰል ቆየች። ምን አጠፋሁ? የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ኢቃማሽን አምጪ ሊሉኝ ይሆን? ወይስ አጻጻፌን አይተው ሳቁ?

ሳሚያ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ወፈር ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚስቅ። ጠጄ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ሻይ ልቅዳልሽ እኅቴ?»

«ኧረ ጠጥቻለሁ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አይ፣ አይቸገሩ።»

«በሞቴ!»

ጠጄ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሳሚያ ፎርሙን ከመሳቢያ አወጡና ፊቷ ዘረጉት።

«አየሽ፣ ሻይዋን እንኳ ሦስቴ ለምኜሽ ነው የተቀበልሽኝ። ወረቀት ግን አንዴ ጠይቆ ዝም ነው። በሞቴ የሚል ወረቀት አይቼ አላውቅም። ኮሚቴው ይህንን አይቶ፣ ‹እኚህ ሴትዮ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ለሌላ ይሰጥ› አለ። እኔ ነኝ ‹ቆዩኝ› ያልኩት።»

ጠጄ አንገቷን ደፋች። «ምንም አይደል፤ ካልሆነም ይቅር። ተመስገን ነው።»

«ደግሞ ጀመረች!» አሉ ሳሚያ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ለምን ቆዩኝ እንዳልኩ ልንገርሽ? ባለፈው ሳምንት ሕሊናን በምሳ ሰዓት ብቻዋን አገኘኋት። ‹ምነው አትበዪም?› ብላት ‹ጾም ነኝ› አለችኝ። በማግሥቱም ‹ጾም ነኝ›። እኔ ሙስሊም ብሆን ከክርስቲያን ግድግዳ ተጋርቼ ነው ያደግሁት። ወላሂ፣ በሃምሳው ረቡዕም አርብም ሲገድፉ ነው የማውቀው። እስቲ ንገሪኝ፣ ፋሲካ ካለፈ ገና ወር ሳይሞላው ይህች ልጅ የምን ጾም ነው የምትጾመው?»

ጠጄ ልጇ እንዲህ ማለቷን የሰማችው ገና አሁን ነው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሕሊና ባዶዋን ሣጥን ይዛ፣ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እግዜርን ምክንያት ስታደርግ ታያት። ይህንን ከማን ተማረችው? ወረቀቱን አየችው። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።

«አይበቃም» አለች። ድምፅዋ ከዓባያዋ ወጣ። «አንዳንድ ቀን ምንም የለም።»

ሳሚያ ተነሡ። አዲስ ፎርም አምጥተው አጠገቧ አኖሩ። «እኔ ልጻፍልሽ?»

«እኔው ልጻፍ።»

ሳሚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ አበባ የሌለውን የአበባ ማሰሮ ውኃ ያጠጡ ጀመር። ጠጄ ትንፋሽዋን ይዛ ሰፋችው። አንዳንድ ቀን ብቻ። ግማሽ ዳቦ። አይበቃም። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ቀና አለች። «ይኸኛውን ምን ልበል? የሚረዳ ሰው የሚለውን?»

«እግዚአብሔር አለ ያልሽውን? እሱን እንዳለ ገልብጪው፤ እሱ ልክ ነው።»

ጨርሳ ልትሰጣቸው ስትል እጇ ተመለሰ፤ «አይበቃም» ካለችው አጠገብ አንዲት ቃል ጨመረችና ሰጠቻቸው። ሳሚያ አነበቡ። «አይበቃም። ተመስገን።» ትከሻቸው ሳቀ።

«ይችን ምን ላድርጋት?»

«ትቀመጥ» አለች ጠጄ አፍራ። «እሷም እውነት ናት።»

ያን ቀን ማታውኑ ለጥላሁን ነገረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግሥቱ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ሳሚያ ደውለው «ባልሽን አላህ ይስጠው፤ ስንት ወር ሲንቋቋ የከረመውን የወጥ ቤት በር ሠርቶልን ሄደ» ሲሉ ነው የት እንደነበረ ያወቀችው።

ኮሚቴው ተቀበለ። የሕሊና የመጀመሪያ የምሳ ቀን ጠጄ ሥራዋን ጨርሳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ጠገብሽ?»

«ተመስገን።»

ጠጄ ተንበረከከችና ዓይን ዓይኗን አየቻት። ይህችን ቃል ታውቃታለች። «በሞቴ፣ ጠገብሽ ወይ?»

«እማ፣ ኸላስ! ምስር በሩዝ ነበር። ወይዘሮ ሳሚያ ደግሞ ‹ልጨምርልሽ?› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ሕሊና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «አንዴ ነው የጠየቁኝ። በአንዴው እሺ አልኩ።»