የቴምብሩ ዓይኖች

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለዚሁ አገር ጭምብል ለባሽ ልዩ ፖሊሶች መታሰቢያ ቴምብር ሊታተም ሲል ፎቶ አንሺው የሰፋሁትን ዩኒፎርም ሊወስድ መጣና፣ «ፖሊሶቹ ግዳጅ ላይ ናቸው፤ አንተው ልበሰው። በጭምብሉ ከዓይንህ በቀር ምን ይታያል?» አለኝ። እኔ ጅሉ እየሳቅኩ ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ።

ቴምብሩ በወጣ ሰሞን ጅግጅጋ ያደጉ አንዲት እናት ይዘውት መጡ። ልጃቸው ከነዚያ ፖሊሶች አንዱ ነበር፤ ሞቷል።

«ሥራዬ አይፈቅድም እያለ ፎቶ አይነሳም ነበር» አሉኝ። «ይኸው የልጄ ዓይን። በጨርቅ ለብጠህ ስፋልኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አላስችል ቢለኝ፣ «እማማ፣ ይሄ እንኳ...» ብዬ ቀና አልኩ።

«ያንተ ዓይን መሆኑንማ ገና ስገባ አውቄያለሁ» አሉኝ። «ዝም ብለህ ስፋ። አባታችሁ ብዬ ለልጆቹ የማሳያቸው ሌላ የለኝም።»