ዳቦ የሚያስከፍለው ዘበኛ

ልጅ ሳለሁ ተረት በነጻ አይሰማም ነበር። ዋጋው ዳቦ ነው። ዋጋውን የቆረጠው ጋሽ ኡጁሉ ሲሆን፣ እሱም መሳለሚያ አጠገብ በነበረው ግቢያችን በር ላይ ያለውን የእህል መጋዘን የሚጠብቅ፣ ከጋምቤላ የመጣ፣ ተቀምጦ እንኳ ከቆመ ልጅ የሚረዝም ሰው ነበር።

ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሱቆቹ መዝጊያዎች እየተንኳኩ ይወርዳሉ፣ ተሸካሚዎቹ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ይበተናሉ፣ ጋሽ ኡጁሉም ከአትክልት ተራ የለቀማቸውን የተሰበሩ የቲማቲም ሳጥኖች በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ያነድዳል። ጭሱ የበሰበሰ ቲማቲም ይሸታል። ዛሬም ቲማቲም ሲያርብኝ ተረት ሊጀመር ይመስለኛል።

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ላም ግን አልነበረም። አዞ ነበር። ጉማሬ፣ ዓሣ፣ ባሮ ወንዝ። እኛ ከሰፈራችን ቦይ ሌላ ውሃ አይተን አናውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ተረቱን ጨርሶ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለና መዳፉን ዘረጋ።

«ምንድነው ጋሼ?»

«ዳቦ።»

ሳቅን።

«ምን ያስቃል? ተረት ሲያልቅ እንዲህ ይባላል ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ። ብላችኋል እኮ!»

ለአባባል ያህል እንደሚባል አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ዓይኑ ይስቃል። መዳፉ ግን አልታጠፈም። ከዚያ ወዲያ በየተራ ዳቦ ይዘን መጣን። የጎረቤታችን የእትዬ ሙሉነሽ ልጅ ቢንያም ተራው ሲደርስ ሰርቆ ነበር የሚያመጣው፤ እናቱ ለዘበኛ ዳቦ አትሰጥም። ጋሽ ኡጁሉ ይቆርሳል፣ ለየእጃችን ያድላል፣ የቀረችውን ፍርፋሪ እሱ ይበላል።

*

እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ቅመም ነጋዴ ነበረች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ ኮረሪማ ይሸታሉ። ለጋሽ ኡጁሉ በየቀኑ ሻይ ትልክለታለች፣ ስኳሩን ሳትሰስት። የምትልክለት ግን ጠርዟ በተላጠ ሰማያዊ ኩባያ ነው። ኩባያዋ ከበራችን ውጭ ምስማር ላይ ትሰቀላለች። ዝናብም ቢሆን ውጭ ናት። ለምን ከሌሎቹ ጋር እንደማትቀመጥ አንዴ ጠይቄ «ዝም በይ፣ የሱ ናት» ተባልኩ።

እሱም ጠጥቶ ሲጨርስ ራሱ ያለቀልቃታል፣ ራሱ ይሰቅላታል። ማንም ሳያሳየው ምስማሩን ያውቀዋል። በሌለበት ግቢው በስሙ ሳይሆን በቆዳው ቀለም እንደሚጠራውም ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እኛን ግን ስለዚህ ምንም ነግሮን አያውቅም። የነገረን ስለ አዞ ነው።

*

የግቢው እድር ዳኛ እናቴ ነበረች። አንድ እሑድ ጋሽ ኡጁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ስብሰባው ላይ መጣ።

«እትዬ ዘነበች፣ እድሩ ልግባ።»

«አንተ ነገ አገርህ ትገባለህ» አለች እትዬ ሙሉነሽ፣ «እድር ምን ያደርግልሃል?»

«እዚህ ብሞትስ? ማን ያነሳኛል?»

«አንተን የሚችል ሳጥን ከየት ይመጣል? ለዚህ ቁመት ሁለት መቀጠል ነው!»

ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እዚያው ቆሞ ነበር።

«እድራችን የጎረቤት ሁሉ ነው ብላችኋል» አለ።

«እናያለን» አለች እናቴ።

ከወጣ በኋላ እትዬ ሙሉነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማስገባቱስ ይሁን። ለቅሶ ቤት መብላት አለ እኮ። ከሱ እጅ ማን ሊበላ ነው? አንቺ ትበያለሽ ዘነቡ?»

ያ «እናያለን» ክረምቱን ሙሉ ቆየ። በጋውንም ቆየ።

*

አባቴ አንድ ጠዋት ሱቅ ሊከፍት ወጥቶ በሰው ሸክም ተመለሰ።

ድንኳን ተተከለ። ጋሽ ኡጁሉ የእድር ሰው አልነበረምና ና የሚለው አልነበረም፤ ግን ድንኳኑን ያለ መሰላል ወጥሮ ያሰረው እሱ ነው። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ሴቶቹ በየትሪው እዝን አመጡ። «ስለ ልጅሽ ብለሽ»፣ «ለነፍሱ ብለሽ»፣ «አንድ ጉርሻ ብቻ።» እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሠልስቱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ስትጠራ የማትሰማ ሆነች፤ እኔም አባቴን ተከትላ ልትሄድ ነው ብዬ ከበሩ ሥር አልነሳም አልኩ።

ሊመሽ ሲል ጋሽ ኡጁሉ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቤታችን ውስጥ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ እናቴ ፊት አስቀመጠና መሬት ላይ ተቀመጠ። የፋኖሱ ብርሃን ጉልበቱ ድረስ እንጂ ፊቱ ድረስ አልደረሰም።

«እትዬ፣ ተረት ልንገርዎት።»

«በለቅሶ ቤት ተረት? ኧረ ሰውዬው!» አለች እትዬ ሙሉነሽ።

እናቴ ግን ተውም፣ ቀጥልም አላለችም። ቀጠለ።

«ባሏ የሞተባት ጉማሬ ነበረች። ወንዙ ውስጥ ጠልቃ አልወጣም አለች። ዝንጀሮ መጥቶ ከዳር ‹ውጪ፣ ልጆችሽን አስቢ› አለ። ድኩላም መጥቶ ከዳር ‹ውጪ› አለ። ሁሉም ከዳር ነው። አንዲት ነጭ ወፍ ብቻ ውሃው መሀል ግንድ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ውጪ አላለቻትም። ጉማሬ ዓሣ አይደለችም፤ ለትንፋሽ ብቅ ማለቷ አይቀርም። ብቅ ስትል ወፏ አለች። ጠልቃ ቆይታ እንደገና ብቅ ስትል፣ አለች።»

«ከዚያስ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም።

«ከዚያማ አለቀ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» መዳፉን ዘረጋ።

እኔና ቢንያም ደንቡን እናውቃለን። ከበሩ ሥር አንገታችንን አሰገግን። እናቴ መዳፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በክንዷ ተደግፋ ተነሳች፣ ዳቦውን ከጋዜጣው አወጣች፣ መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱ ለሁለት ገመሰና ግማሹን መለሰላት።

«ደንቡ እንዲህ ነው፤ ልጅዎ ታውቃለች።»

በላች። ማኘክ እንደ አዲስ የምትማር ይመስል ቀስ ብላ። ከዚያ የተቀረውን ዳቦ ከእጁ ተቀብላ ወደ ሴቶቹ አሳለፈች። አንዳንዶቹ ቆረሱ። እትዬ ሙሉነሽ «ጠግቤያለሁ» አለች።

*

ከአርባው በኋላ ባለው ስብሰባ እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች «ኡጁሉ ገብቷል» አለች።

«ዘነቡ፣ እንነጋገር እንጂ። ዳኛ ሆንሽ እንጂ ንጉሥ አልሆንሽም።»

«ትበያለሽ ወይ ብለሽኝ ነበር፤ በልቻለሁ። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?»

እትዬ ሙሉነሽ በርጩማዋን አንስታ ወጣች። የተከተሏትም ነበሩ። እሷና እናቴ ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ላይ ሲገናኙ ባልዲያቸውን ነበር የሚያዩት። እናቴ ይህን በድል አልነገረችኝም። ደክሟት ነው የነገረችኝ።

ደግሞም ሰው በአንድ ቁራሽ ዳቦ አይለወጥም። ኩባያዋ እዚያው ምስማሯ ላይ ነበረች። ከእጁ የበላችው እናቴ፣ ስለሱ እድሩን ለሁለት የከፈለችው እናቴ፣ በማግስቱም ሻዩን በሰማያዊዋ ቀድታ ላከችለት። እጇ ለምዶ። ከወራት በኋላ እንግዳ በዝቶ ኩባያ ሲያልቅ፣ ያገኘችውን አንስታ ለራሷ ቀዳች። አንዴ ፉት ካለች በኋላ ሰማያዊዋ መሆኗን አየች። ቆም አለች። እኔም አየኋት፣ እሷም ማየቴን አየች። ከዚያ እስከ አተላው ጠጣችው።

ኩባያዋ ቤት ገባች። ባዶው ምስማር ግቢው እስኪፈርስ ግድግዳው ላይ ቆየ።

*

ጋሽ ኡጁሉ አገሩ አልገባም። እዚሁ ሞተ። ያኔ ግቢው ፈርሶ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነን ነበርና ሊያነሱት የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ሳጥኑ ደግሞ እውነትም ረጅም ነበር። የአንዱ ጥግ ተሸካሚ ሲደክም ከኋላ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ትከሻውን ሰጠ። ቢንያም ነው። እናቱ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሲጨርስ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ገመሰልኝ። የመቃብሩ ቦታ ላይ ቆመን በላን፤ ማንም አልሳቀም።

አሁን በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ። እድር መምራት ያደክማል። በፊት ስለ አዲስ ጎረቤት ጠባዩን ይጠይቁ ነበር፤ አሁን መጀመሪያ የሚጠይቁት ብሔሩን ነው። ባለፈው እሑድም አንድ ሰው ልግባ ብሎ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ስሙን ሲናገር ከኋላ ተንሾካሾኩ። «እናያለን» አለ አንዱ።

እሑድ ነበር፣ ራሴን ያመኝ ነበር፣ ቤቴ መሄድ ነበር የፈለግሁት። እናያለን ማለት እንዴት እንደሚቀል ያወቅሁት ያኔ ነው። ያን ሁሉ አዞና ጉማሬ ረስቻለሁ፤ ተረቶቹን ለልጆቼ ልንገር ብዬ መሀል ላይ ይጠፉብኛል። የቀረኝ የቲማቲም ጭስና አንድ የማይታጠፍ መዳፍ ነው።

ጠረጴዛው ላይ መዳፌን ዘረጋሁ።

«ምንድነው?» አሉኝ።

«የጎረቤት ሁሉ ነው ብለናል እኮ» አልኩ፣ መዳፌንም አላጠፍኩም።