ሰርግ ቀራጯና የእናቷ ሳሎን

ሰው ሁሉ «ፈገግ በሉ» እያለ ነው የሚጠራት፤ እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ ይኼኛው ገበያ ላይ ውሏል። ሥራዋ ሰርግ በቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሙሽሪት ጫማዋ ጠቧት ዓይኗ እንባ ቢያቀርር፣ ሁለቱ አማቾች ተኮራርፈው ጀርባ ለጀርባ ቢቆሙ፣ እሷ ካሜራዋን ደግና «ፈገግ በሉ» ስትል ያኮረፈው ሁሉ ጥርሱን ያወጣል። ቪዲዮዎቿን ያየ ሰው በዚህ ከተማ የከፋው ፍጡር እንደሌለ ይመሰክራል። የምትፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ለእውነትማ ማን ካሜራ ይከራያል?

ይህች ሴት ናት እንግዲህ አጭር ፊልም ልሥራ ብላ የተነሳችው። ፊልሙ ስለ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ፣ ቤታቸው ስለተጠጋ አጎትና እናት ሥራ ስትውል ስለሚዘጋ በር ነው። ልጅቷ ራሷ ነበረች። አጎቷ ደፍሯታል። ጨዋ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «ገበና ነው» ይላል፤ ነገሩ የበደለው ሰው ገመና እንጂ የተበደለችው ልጅ ቁስል ያልሆነ ይመስል። አጎትየው ዕድሜውን ጠግቦ በክብር ተቀብሯል። መቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ «ሕፃናት የሚወድ» ተብሎለታል። እሷም ጥቁር ለብሳ ቆማ ሰምታለች።

የፊልም ነገር እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ዘንድ ሄዳ ሐሳቧን አስረዳች። ርዕሱ ትልቅ ነው አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን አጎት መሆኑ ቤተሰብ ያስከፋል፣ ጎረቤት ቢሆንስ? ከዚያ አንደኛው ጎረቤትም ቅር ይለዋል አለ። እየተመካከሩ ራቅ ራቅ አድርገውት፣ በዳዩ ከሌላ አገር በጭጋግ የመጣ መንገደኛ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አመስግና ወጣች። ቀረጻውን በራሷ ካሜራ፣ እዚያው ነገሩ በተደረገበት ቤት፣ በእናቷ ሳሎን ልታደርገው ቆረጠች።

ችግሩ እናቷ አለማወቋ ነበር። ለባሏ ነግራለች፣ ለሐኪም ነግራለች፣ ለእናቷ ግን አንዲት ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የምትፈራው ቁጣ አይደለም፤ ለቅሶም አይደለም። የምትፈራው እናቷ ጸጥ ብላ ሰምታ «ተይው እስቲ» ካለች በኋላ እራት ምን ይሠራ ብላ እንዳትጠይቃት ነው። ከዚያ ወዲያ እናት አይኖራትም። ስለዚህ አፏ ያቃተውን ለካሜራ ሰጠችው። ለእናቷ «ስለ አንዲት ልጅ ነው» ብቻ አለቻት። እናትየዋም ሳሎኑን ለቀቀችና ኩሽና ገባች።

ባለሙያዎቹም ባለሙያ ከተባሉ ነው። እናትን የምትጫወተው የመድረክ ተዋናይ አልቅሺ ስትባል ከየትኛው ዓይኔ ልጀምር የምትል ናት። አጎትን የሚሆነው የሰፈር ባለሱቅ ደንበኛ እንዳይሸሸው ፊቱ እንደማይታይ አስምሎ ነው የመጣው፤ ከሱ የሚታየው ኮትና ጫማ ነው። ልጅቷ የድምፅ ቀጂው የእህቱ ልጅ ናት። የልጅቷ እናት ከጎኗ አልተለየችም፤ ለልጅቷ የተነገራትም እንግዳ መሰናበት የማትወድ ልጅ መሆኗ ብቻ ነው። የበሩ ነገር ለብቻው፣ እሷ በሌለችበት ይቀረጻል።

ድምፅ ቀጂው ሲፈጥረው ነገረኛ ነው። የማይክሮፎኑን ዘንግ ከፍ አድርጎ፣ «አለቃ፣ ፍሪጁ ያንኮራፋል፣ ተዋናይዋ ታቃስታለች፣ ኩሽና ውስጥ ድስት ይንኳኳል። ፊልም ነው ወይስ ግብዣ?» አለ። ፍሪጁ ተነቀለ። ድስቱም ዝም አለ። ያኔ ማንም ልብ ያላለው፣ ድስት የምታጥበው ሴትዮ ከበሩ ኋላ ቆማ መስማት መጀመሯን ነው።

ቀረጻ ተጀመረ። ኮትና ጫማው ወደ በሩ ሄዱ። ተዋናይዋ «አጎትሽን ተሰናበቺ እንጂ» አለች። ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ፣ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ደረቀች። የተባለችውን አሳምራ ነው የሠራችው። ይሄኔ ሰርግ ቀራጯ ዓይኗን ካሜራው ላይ እንደተከለች የተኮሳተረ ፊት አየች፤ የዓመታት ልማዷ ከአፏ አመለጠ።

«ፈገግ በይ፣ የኔ ቆንጆ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ታዛዥ፣ ንጹሕ፣ የሚያስፈራ ፈገግታ።

ድምፅ ቀጂው ሊስቅ አፉን ከፈተና የአለቃውን ፊት አይቶ መልሶ ገጠመው። ከሰርግ ቀራጯ ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም። ቃናው፣ «የኔ ቆንጆ» የምትለዋ መጎተቷ እንኳ፣ የእናቷ ነው። ያን ቀን፣ እዚህችው በር ላይ፣ እንዲሁ ተብላለች። ፊልሙን ስትጽፍ ይህ ቃል አልነበረበትም፤ አእምሮዋ ጠቅልሎ ደብቆት ኖሮ፣ እሷ በየሰርጉ ስትቸረችረው ነበር። ካሜራውን በእግሩ እንደቆመ ትታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

የኩሽናው በር ተከፈተ። እናትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች፤ መጀመሪያ ያየችውም ልጇን ሳይሆን ትንሿን ልጅ ነው።

«ይቺን ልጅ አስወጧት» አለች። «እናቷ፣ ይዘሻት ውጪ። ይኼ ለልጅ ጆሮ አይሆንም።»

ወጡ። ባለሱቁም ከነኮቱ ተከተላቸው። እናትየዋ ተዋናይዋን ክንዷን ይዛ ፈቀቅ አደረገቻትና እሷ ከነበረችበት አንድ እርምጃ አልፋ ቆመች።

«እኔ እዚያ አልነበረም የቆምኩት፤ እዚህ ነው። ከዚህ ፊቷ ይታያል። አይቼዋለሁ። አይቼው ነው ፈገግ በይ ያልኳት።»

«እማ» አለች ሰርግ ቀራጯ ከወለሉ ላይ፣ «ታውቂ ነበር?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አልጠየቅኩሽም።»

አልቃሽ የተባለችው ተዋናይ እንባዋ ደርቆ ቀረ። ማኅበር ሙሉ አዋቂ አጎቱን ጎረቤት፣ ጎረቤቱን መንገደኛ ሲያደርግ፣ ይህች ድስት ስታጥብ የነበረች ሴት ግን ማንም ሳያስገድዳት፣ አንድም ሰበብ ሳትደረድር፣ ጥፋቷ ያለበት ወለል ላይ መጥታ ቆመችበት። ሥልጣንና ምላስ ያላቸው ስንቶች ይህችን አንዲት እርምጃ መራመድ አቅቷቸው በአጀብ ተቀብረዋል!

ይቅርታ ልለምንሽ አልመጣሁም አለች እናትየዋ፤ እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን ልምምዱን ስሰማ ነበር፤ በፊልምሽ እናትየዋ ምንም አታውቅም፣ የዋህ አድርገሻታል። ልትሸፍኚኝ ነው። አትሸፍኚኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ካሜራው ፊት ተቀመጠች፤ የሟች ወንድሟን ስም ከነአባቱ ጠራችና፣ «ልጄን የደፈራት እሱ ነው፤ ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ» አለች። ያ ሰው ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ ያለ «ነፍስ ይማር» ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ነገረኛው ድምፅ ቀጂ ዘንጉን እንደዘረጋ ቀረ። ክንዱ ዝሏል፤ ዝቅ ማድረግ ግን ነውር መሰለው።

ሰርግ ቀራጯ ተነሳች። ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን አረጋገጠች፤ እናቷ ፊት ላይ ያለ አንድም መስመር እንዲቀየር አላዘዘችም። ትቅረብ፣ ትራቅ፣ ትቆጣ፣ ታልቅስ ገና አላወቀችም። ሁለተኛ ወንበር አነሳች፣ በካሜራው ፊት ዞራ ሄደች፣ ከእናቷ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት።

«አሁን ጠይቂኝ» አለቻት።