የጎሚስታው የቶለሳ ጥርጣሬ

ጎሚስታው ቶለሳ ሰው ሲያምን ያየው የለም። ሻይ ሲያዝዝ እንኳ ስኳሩን ራሱ ካልጨመረ አይጠጣም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወግ ማሳመሪያ ይተርተዋል፤ እሱ ግን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እንዳይፈረድበት ደግሞ፣ ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው። ጉለሌ ውስጥ ወንድም ከወንድሙ ጋር የሚያወራው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ትውልዱ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። በልጅነቱ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ ገብቶ ጎማ መፍታት ተማረ፤ ኋላም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች የራሱን ጎሚስታ ቤት ከፈተ። ክንዱ የበር መቀርቀሪያ ያህላል። ሁለት ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ካወሩ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ውሃ ይሆንና «እኔን ነው የሚያሙት» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

ከሰው ሁሉ አጠገቡ ያስጠጋው በድሉን ብቻ ነበር። አስራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የካሚዮን ጎማ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ጎማው ከብረቱ ቸርኬ እንዳይወጣ ዙሪያውን የሚይዝ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ አንዱ በፌሮ ሲፈለቅቀው ሌላው በመዶሻ ይመታዋል። ከዚያ በፊት ታዲያ ንፋሱ ተሟጦ መውጣት አለበት። ንፋስ ከቀረ ቀለበቱ ተስፈንጥሮ የሰው አንገት ይቀላል። ንፋስ ማስወጣት የበድሉ ድርሻ ነበር። በድሉ «አልቋል» ካለ ቶለሳ መዶሻውን ያነሳል። ነፍሱን በአንድ ቃል ለሰው መስጠት ማለት ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት ግን በድሉ እሑድ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከፊት መቀመጥ ጀመረ።

«ምን ነካህ አንተ?» አለው ቶለሳ።

«ከፊት የተቀመጠ ሰው የቀበሌ ስኳር አይቀርበትም» ብሎ ሳቀ በድሉ። ቶለሳ አልሳቀም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አስር አለቃ አማን የሚባል ወታደር ስድስት የራሺያ ካሚዮን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አምጥቶ ደጁ ላይ አራገፈ። ዝናብ ላይ ስንት ክረምት እንደከረሙ እንጃ፣ ብረቱ ዝጎ ከጎማው ጋር አንድ ሆኗል። የጦሩ ጋራዥ ሞክሮ አቅቶታል።

«ቸርኬዎቹ ለግንባር ይፈለጋሉ» አለ አስር አለቃው። «አንዱ ቢሰበር አሻጥር ነው። እወቁት።»

አሻጥር የምትባለው ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ትበላ ነበር። አስር አለቃው ይህን ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሲጋራውን ለኮሰ።

በድሉ የንፋሱን ቫልቭ እየፈታ «የትኛው ግንባር ነው የሚሄዱት?» ሲል ጠየቀ። ቶለሳ በጎን አየው። ይህን ምን አገባው? ለማን ሊያወራው ነው?

ከመጀመሪያው ጎማ ንፋሱ ትንሽ ፍስስ ብሎ ቆመ። «አልቋል» አለ በድሉ፤ ዝገቱን የሚያላላ ናፍጣ ሊያመጣም ወደ ጓዳ ገባ። ቶለሳ እሱን ሳይጠብቅ ጀመረ። በሦስተኛው ምት ቀለበቱ እንደ ጥይት ጮኸ፤ የራስ ቆቡን ገፎት አለፈና የቆርቆሮውን ግድግዳ በሳው። ቶለሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱ በቦታው መኖሩን በሁለት እጁ ዳሰሰ። አለ።

አስር አለቃው ሮጦ መጣ። «ንፋሱን ማነው ያስወጣው?»

«በድሉ ነው» አለ ቶለሳ። «ለምን ዞር እንዳለም እሱ ይወቀው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው በድሉን ናፍጣ በነካው እጁ ወሰዱት። በድሉ ዘወር ብሎ «መሣሪያውን አስገባልኝ» ከማለት በስተቀር የተናገረው የለም።

በማግስቱ ቶለሳ ብቻውን ቀረ። የሁለተኛውን ጎማ ቫልቭ በገዛ እጁ ፈታ። ትንሽ ፍስስ አለና ቆመ፤ ልክ እንደ ትናንቱ። መዶሻውን አነሳ፤ እጁ ግን እምቢ አለው። ቀጭን ሽቦ ፈልጎ በቫልቩ ቀዳዳ ሰደደ። ያኔ የታፈነው ንፋስ እየጮኸ ወጣ፤ ቀይ የዝገት ዱቄትም ፊቱን ሞላው። ለካ ዝገቱ ቀዳዳውን ደፍኖታል! ሦስተኛውም ያው ሆነ። አራተኛውም። የበድሉ እጅ ጭራሽ ባልነካቸው ጎማዎች ውስጥ ያው ሞት ተቀምጦ ነበር።

ቶለሳ አፈረ። ከሀፍረቱ ይልቅ ግን ፍርሃቱ በረታ። ቀበሌ ሄዶ «ተሳስቻለሁ» ቢልስ? ወደዚያ በር በእግሩ የሄደ ሰው ይመለሳል? ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ ቸርኬ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን የበድሉ ሚስት አጸደ ምሳውን በፎጣ ቋጥራ ወደ ቀበሌ ስታልፍ ጎራ አለች።

«ጋሽ ቶለሳ፣ በቃ ለማንም ደፍሬ አልጠይቅም፤ እርስዎን ነው የማምነው። ወደ ላይ ሊያስተላልፉት ነው ይላሉ። ምን አድርጎ ነው?»

«እኔ... እ... አላውቅም፣ እቴ» አለ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ቤቱን ቆልፎ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ቀበሌው ሄደ።

ሊቀመንበሩ እስኪጨርስ ሰማው። «ጥፋተኛው ዝገት ነው? ዝገትን እንዳስር ነው የምትፈልገው?» ጠባቂዎቹ ሳቁ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «ማክሰኞ እሱ ነው አልክ፣ ዛሬ አይደለም ትላለህ። አንዳችሁ አብዮቱን አታሏል።»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ቶለሳ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። የተሰጠውን ወረቀት ሳያነብ ፈረመ።

በድሉን ሲያስወጡትና ቶለሳን ሲያስገቡት በቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ተገናኙ። በድሉ ጢሙ አድጓል፤ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ቶለሳን ሲያይ ክው አለ።

«አንተንም? ኧረ በማርያም! ማነው ይሄ የሚጠቁምብን?» ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቶለሳ ላይ ደረበለት። «ሲሚንቶው ይበርዳል። አይዞህ፣ ቤትህን እኔ አያለሁ። ማን እንደሆነ ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ቶለሳ ዝም ብሎ መግባት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም ነበር።

«አታጣራ» አለው። «እኔ ነኝ፣ በድሉ።»

በድሉ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፊቱን አየው። ጋቢውን የሚያስተካክለው እጁ ባለበት ቆመ። ጋቢውን ግን መልሶ አልወሰደውም። እጁን ብቻ ከቶለሳ ትከሻ ላይ አነሳና ሄደ።