ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ

በሺ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ አሰላ ላይ እህል እነግድ ነበር። ያን ዓመት መስከረም ጠብቶም የጭላሎ ተራራ ጉሙን አልሰበሰበም፤ ትምህርት ቤቱ ከመንገድ አይታይም፣ ደወሉ ብቻ ይሰማል።

ሴት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። አንደኛን ያስተማረቻት ሴት ተዛውራ በምትኳ አንድ ረጅም መምህር መጥቷል፤ የወይራ ዱላው ወሬ ከሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ “ሆዴን” ስትል ሰነበተች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጆንያ ላይ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ ብዬ፣ መምህሩን ላስተዋውቃት ይዣት ሄድኩ።

በሩ ላይ አባቶች ሁሉ የሚሉትን አልኩ፤ “ጌታዬ፣ ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው።” ወግ ነው፤ ያላለ አባት ልጁን እንዳቀበጠ ይቆጠራል። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እጄ ግን የገበያ እጅ ናት፤ መዳፌን መዳፉ ላይ ጧ አደረግሁት። እህል ተራ እንዲህ ከተማታን ዕቃው አይመለስም።

ልጄ አየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷን አላመማትም። ጎሽ፣ ለመደች አልኩ። ጎትጓች ሳያሻት ተነስታ ትታጠባለች። ጨሌዋን ለታናሽ እህቷ ሰጠቻት። አንድ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት፣

“አባባ፣ ዴራ ገበያ የሸጥከው በሬያችን ወደ ቤት ቢመለስስ?” አለችኝ።

“ገዢው መጥቶ ይወስደዋላ! እጅ ከተማታን በኋላ ምን ቤት አለው?” ብዬ ሳቅሁ።

እጇ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለች። የልጅ ጌጥ መስሎኝ አለፍኩት።

በሳምንቱ መምህሩ ሱቄ ድረስ መጣ። “ልጅዎ ታማለች እንዴ? ሦስት ቀን አላየኋትም።”

ሱቄን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሦስቱንም ጠዋት ደብተሯን ይዛ ጉሙ ውስጥ ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ወንዙን አሰብኩ፤ ወደ ኦጎልቾ የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች አሰብኩ። ከሚስቴ ጋር ግቢውን ስናተራምስ መጋዘን ደረስን። ጥጉ ላይ ለዘር የማስቀምጠው ገብስ አለ፤ ሠራተኞቼ ተሳስተው እንዳይሸጡብኝ የጆንያውን አፍ በቀይ ጨርቅ አስራለሁ። እነዚያ ጆንያዎች መሃል ተቀምጣለች፤ ደብተሯ ጭኗ ላይ፣ ሁለት መዳፏ ዓይኗ ላይ።

ሚስቴ የእጇን ጨርቅ አየች፣ የጆንያውን አየች፣ እኔን አየች።

“አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ምን ብለሃታል?”

ስነግድ ኖሬ፣ እጅ ከመታሁ በኋላ ቃሌን አጥፌ አላውቅም። አርቦዬ ድረስ ስሜ በዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ።

“ጌታዬ፣ ያልኩትን አንስቻለሁ። የመታሁትንም እጅ።”

“ሊያስወጧት ነው?”

“የለም፤ ትማራለች። ግን አልሸጥኳትም። ይቆጧት እንጂ አይምቷት።”

መምህሩ እጇን ተመለከተ። “ይሄስ ምንድን ነው?”

“አይሸጥም ማለት ነው” አለች፣ ራሷ።

አልሳቀም። “የነዚህም አባቶች ሁሉ እንደ እርስዎ ብለውኛል” አለና በዱላው ወደ ውስጥ አሳየኝ። አርባ የሚሆኑ ልጆች ያዩኛል።

ገባች። ከሰዓት ስትመለስ ጨርቁ እጇ ላይ የለም።

“መምህሩ ቀማሽ?” አልኳት።

“አይ። አጠገቤ ለምትቀመጠው ሰጠኋት። ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥታ የምትጠየቀው እሷ ናት።” ወደ መጋዘኑ ዞር አለች። “አባባ፣ ሌላ አለህ? ብዙ።”

የዘሩን ጆንያዎች ቀይ ጨርቅ አንድ በአንድ ፈታሁ።