ቅቤ ይዘን ዳሞታን ስንሻገር

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሦስት ወጣቶች መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ "እማማ፣ ወደ ዳሞታ ጫፍ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" አሉኝ። ጀርባቸው ላይ ቦርሳ፣ እግራቸው ላይ ወፍራም ጫማ፣ እጃቸው ላይ የውሃ ጠርሙስ። ቀና ብዬ ሳይ ተራራው አናቱን በደመና ሸፍኗል። "ዝናብ ሳይመጣባችሁ አይቀርም" ብላቸው አንደኛው ስልኩን አወጣና፣ "ዛሬ ዝናብ የለም ይላል" አለኝ። መንገዱን በእጄ አሳየኋቸው፤ ሳቄን ግን መያዝ አልቻልኩም። ዳሞታ የማንንም ወሬ ሰምቶ እንደማያውቅ ልጆቹ ገና ይደርሱበታል።

ሶዶ ያደገ ሰው ቀኑን የሚጀምረው ወደ ዳሞታ በማየት ነው። እኛም ልጆች ሳለን ልብስ ከማስጣታችን፣ በቆሎ ከማውጣታችን በፊት እሱን እናያለን። እኔን ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። ያ ከተራራው አናት ላይ የሚቀመጠው ደመና ውስጡ ምንድን ነው? የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሣለ ደመና ማለት ተን ነው አለን። እጄን አወጣሁና፣ "ውስጡ ሲገቡስ ምን ይመስላል? ይዳሰሳል?" አልኩት። "ገብተሽ ንገሪን" አለኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያውም ጥሩ ምክር መሰለኝ።

ዕድሉ የመጣው በጃንሆይ ዘመን፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ለፋሲካ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ታላቅ እህቴ ማርታ ከዳሞታ ማዶ አግብታ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ልጇን መውለዷን የሚናገር ሰው መጣ። በኛ ቤት ልማድ ሴት ልጅ ከተዳረች በኋላ የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ የእናቷ ወገን ደጇን አይረግጥም። ስትወልድ ግን ቅቤ ተይዞ ይኬዳል። ያ ቅቤ አራስዋ የምትበላው ብቻ አይደለም። አማትየዋ ጎረቤት ጠርታ ታሳየዋለች፤ "ሰው አላት" የሚባለው ያኔ ነው። እናታችን ሞታለች። አባታችን ወንድ ስለሆነ የአራስ ቤት አይገባም። የማርታ ወገን ማለት እንግዲህ ያሳደገችን አክስታችን ባሎቴና እኔ ነን። መልእክተኛው ደግሞ፣ "ጎረቤት የሚጠራው እሑድ ነው" ብሎ ሄደ። እስከዚያ ካልደረስን እህቴ በባሏ አገር ወገን የሌላት ሆና ልትቀር ነው።

በልጉ ጠንክሮ ወደ ቦዲቲ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ ስለነበር መኪና ቆሟል። አክስቴ የተራራውን እግር ዞረን፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድረን እንድንሄድ ነበር ያሰበችው። እኔ ግን፣ "በላዩ ብናቋርጥ ዛሬውኑ እንደርሳለን" አልኳት። አየችኝ።

"አንቺን የሚወስድሽ የእህትሽ ናፍቆት ነው ወይስ ያ ደመና?"

"ሁለቱም" አልኳት።

ሳቀች፤ በዚያው ተስማማች። ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቅርጫት አድርጋ አሸከመችኝ። እሷ የተቀቀለ ጎዳሬና ቆጮ ይዛ ከፊት ከፊቴ መዝሙር እያዜመች ወጣች።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር። እየወጣን በሄድን ቁጥር እንሰቱ እያነሰ፣ የገብሱ ማሳ እየበዛ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ መጣ። ከአንዱ ጉብታ ላይ ተቀምጠን ጎዳሬያችንን በላን። ጨው ረስተናል፤ ቢሆንም የዚያን ቀኑን ጎዳሬ የመሰለ እስከ ዛሬ አልበላሁም። ከታች የሶዶ ቆርቆሮ ቤቶች ያብረቀርቃሉ፤ በሩቅ ደግሞ የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ተኝቷል። ለምን ሰማያዊ እንዳልሆነ አክስቴን ጠየቅኋት። "እሱን ደግሞ ሐይቁን ጠይቂው" አለችኝ።

ጫፉ ላይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ደመናው መጣ። እኔ ወደ እሱ የምገባ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ነው ወደ እኔ የመጣው። በር የለው፣ ግድግዳ የለው። መጀመሪያ ሐይቁ ጠፋ፣ ቀጥሎ ከተማው፣ በመጨረሻ የገዛ እግሬ። እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩት፤ መዳፌ ረጠበ እንጂ ምንም አልያዝኩም። ከውስጡ ሲያዩት ደመና ደመና አይመስልም፤ ነጭ ጨለማ ነው። ፈርቼ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ለአስተማሪዬ ምን እንደምለው በልቤ እያዘጋጀሁ ሳለ ነጎደ። የገረመኝ ድምፁ ከላይ አለመምጣቱ ነው። ከእግራችን በታች ነው ያጓራው። "አክስቴ፣ መብረቅ ከታችም ይመጣል እንዴ?" ስላት ክንዴን ያዘችና፣ "ዝም ብለሽ ውረጂ!" አለችኝ።

ወዲያው በረዶው ወረደ። ቅርጫቱን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አክስቴ በነጠላዋ ሸፍናኝ፣ ጎንበስ ብለን ጫፉን ዞርንና ማዶ ነው ባልነው ቁልቁለት ወረድን። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ውሃ ሆኗል። ቅቤው ወደቀ ማለት እህቴ ወደቀች ማለት ስለመሰለኝ ሁለት ጊዜ ስንሸራተት በጉልበቴ ወደቅሁ እንጂ ቅርጫቱን አልለቀቅኩም። ብዙ ከወረድን በኋላ ቀጫጭን እንሰት አገኘን። አክስቴ ፊቷ በራ። በኛ አገር ፍግ የሚጣለው ከቤት አጠገብ ስለሆነ ወፍራሙ እንሰት ያለው ከጓሮ ነው። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ፣ ከቀዩ አፈር ወደ ጥቁሩ እየሄዱ ሰው ቤት ሳይደርሱ አይቀሩም። እኛም እንደዚያው አደረግን። እንሰቱ ወፈረ፣ አፈሩ ጠቆረ፣ ከዚያም ከጉሙ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

"ደረስን!" አለች አክስቴ። "የማርታ ልጅ ነው!"

መልእክተኛው የማርታ ቤት ከተራራው ሲወረድ የመጀመሪያው ትልቅ ቤት መሆኑንና ደጁ ላይ ዋንዛ መኖሩን ነግሮን ነበር። ዋንዛው አለ። ቤቱም ትልቅ ነው። ልጁም ያለቅሳል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

በልማዳችን አራስ ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ቅቤ ነው። መጀመሪያ አራስዋ ራሷን ትቀባለች፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ጭስና ጨለማ ነበር። አክስቴ የተጠቀለለውን ፈታች፣ ቅቤውን እፍኝ አድርጋ ዘገነች፣ ወደ መደቡ ሄዳ የተኛችውን አራስ ራስ እያሸች ምርቃቷን ለቀቀችው። አራስዋ ዝም ብላ ተቀባች። ምርቃቱ ሊያልቅ ሲል ቀጭን የማላውቀው ድምፅ፣ "ማን ላካችሁ?" አለ።

አክስቴ እጇ አራስዋ ራስ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ልጅቷ ማርታ አይደለችም። እኔን ጥቂት ብትበልጠኝ ነው። ከወንዝ ማዶ፣ ከሩቅ አገር መጥታ ነው ያገባችው፤ እናት የላትም፣ ከወለደች ወዲህ ከወገኗ የመጣ ሰው አልነበረም። ይህን የነገረን ከደጅ የገባው ባሏ ነው። እሷ ታለቅስ ነበር።

"የማዶውን ቤት ነው የምትፈልጉት?" አለ ባልየው የመጣንበትን ምክንያት ሲሰማ። "ዳሞታን መቼ ተሻገራችሁና! ይሄ እኮ ገና የሶዶ ወገን ነው።"

በጉሙ ውስጥ ዞረን ዞረን በመጣንበት ጎን ነው የወረድነው። እኔ ቅቤውን አየሁ፤ ተነክቷል። የእህቴ ቅቤ ነው፤ እሑድ ደግሞ ነገ ነው። "አክስቴ፣ እንጠቅልለውና እንሂድ" አልኩ በጆሮዋ።

"ራሷን በግማሽ ቀብቼ አልነሳም" አለች። ቀባቻት። ስትጨርስ ቅቤውን ለሁለት ገምሳ አንዱን ለልጅቷ፣ አንዱን መልሳ ቅጠሉ ውስጥ አደረገች። በድካም እዚያው እንቅልፍ ጣለን፤ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ወጣን።

በማግስቱ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጥርት ብሎ ነበር። ተራራውን እንደገና ወጣን። የማርታ ቤት ስንደርስ ጎረቤቶቹ ተሰብስበዋል። አማትየዋ ቅቤውን ተቀብላ ገለጠች፣ መጠኑን አየች፣ እኛን አየች። አክስቴ ሳትደብቅ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ማርታ ከመደቧ ቀና ብላ አንዴ ጭቃ የለበሰ ቀሚሴን፣ አንዴ የቆሰለ ጉልበቴን ታያለች።

"ትናንት ያ ሁሉ ሲያጓራ እዚያ ነበራችሁ?"

"እዚያው ነበርን" አለች አክስቴ። "ዛሬ ሳንደርስ ብንቀር ሰዎቹ ምን ይሉሻል ብለን…"

"ይበሉ!" ብላ ጮኸች ማርታ። "ይበሉ! እኔ ትናንት ከነጎደ ጀምሮ 'ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አታምጣቸው' እያልኩ ስጸልይ ነው የዋልኩት!"

ከዚያ ከአማቷ እጅ ቅቤውን ተቀበለች። ልማድም፣ ጎረቤትም አላየችም። ከሱ ቆርሳ በረዶ የመታውን የአክስቴን ራስ ቀባች፤ ቀጥላ የእኔን። አማትየዋ መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ በኋላ ነጠላዋን አውልቃ እኔ ላይ ጣለችብኝ።

አክስቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆናት። ማርታ በሕይወት አለች፤ ዳሞታ ላይ ሲነጉድ ዛሬም ስልክ ደውላ የት እንዳለሁ ትጠይቀኛለች። ደመና ውስጡ ምን እንደሆነ ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት ያን ቀን አልቆልኛል። ያላለቀልኝ ሌላ ነው። የዚያችን ልጅ ስም አልጠየቅንም፤ የልጇን ጾታ እንኳ አላየንም። እኛ የገባነው ቤት ተሳስተን ነው። እሷ ግን ያየችው በረዶ እየወረደ ሳለ ሁለት የማታውቃቸው ሴቶች ከደመና ወርደው፣ ሳይጠሩ ገብተው፣ ራሷን ቀብተው፣ መርቀው መሄዳቸውን ነው። ልጇ ሲያድግ ምን ብላ ነግራው ይሆን?